ባለጭምብሉ በቢቸና፣ ባለጭምብሉ በሞጣ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቅኖ፣ «ጋሼ፣ ይሄ እርስዎ ሁልጊዜ የሚያወሩለት ሰውዬ አይደለም?» አለኝ። ቀና ብዬ አየሁት። ሰውየው ነው። ያ ሰፊ ክራቫት፣ ያ ቅቤ የጠጣ የሚመስል ፀጉር፣ ማይኩን እንደ ጉርሻ ወደ አፉ የሚያስጠጋበት አያያዝ። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙም ወይቧል። እሱ ግን አላረጀም። ያረጀሁት እኔ ነኝ።

ልጁ እንደነገረኝ እንደኔ ያሉ ሰዎች በየአገሩ አሉ። የድሮውን የአሜሪካ የነጻ ትግል ግጥሚያ ከዩቲዩብ ላይ እየፈለጉ ያዩና ከሥሩ አስተያየት ይጽፋሉ። ደግሞ የሚጨቃጨቁት ስለ ተፋላሚዎቹ ብቻ አይደለም፤ ግጥሚያውን ስለሚያስተላልፈው ስለዚሁ ስለ ባለማይኩም ነው። አንዱ እንደሱ ያለ ሐቀኛ ሰው ዳግም አልተፈጠረም ይላል። ሌላው አፉን ያከራየ ውሸታም ነበር ይላል። ልጁ እያነበበ ይተረጉምልኛል።

«እነዚህ ደግሞ ቢቸናና ሞጣ ናቸው እንዴ?» አልኩት።

አልገባውም። ከየት ይገባዋል?

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው፣ ወደ መጨረሻው ላይ። እኔ ያኔ ቢቸና ወፍጮ ቤት እሠራ ነበር። ከስምንተኛ ክፍል ከአስተማሪ ጋር ተጣልቼ ወጥቻለሁ፣ ምላሴ ከእጄ ይፈጥናል፣ ሁሉም ነገር ያናድደኛል። ስብሰባው ያናድደኛል። የቀበሌው ሊቀመንበር ያናድደኛል። ዱቄቴ ጎደለ እያለች የምትጮህ ሴትዮ ታናድደኛለች። ምን ሆነሃል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ግን መልሱን አላውቀውም። ዛሬም አላውቀውም።

አንድ ነጋዴ ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ከአዲስ አበባ አምጥቶ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አቆመው። እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጄኔሬተሩ ይነሳና አዳራሹ ጢም ይላል። ካሴቶቹ ጥቂት ናቸው፤ እኛ የምንሞትለት ግን አንዱ ነው፣ የትግሉ። አንዱ ተፋላሚ ፊቱን በጥቁር ጭምብል የሸፈነ ቀጭን ሰው ነው። ሌላው የጠጉር ካባ ደርቦ የሚመጣ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ግዙፍ። ከነሱ በላይ ግን የምንወደው ባለማይኩን ነበር። የምንወደው ደግሞ በጋሽ ጀማል አፍ ነው።

ጋሽ ጀማል የጤና ጣቢያው ድሬሰር ነበር፣ ከድሬዳዋ ተመድቦ የመጣ። ሥጋ አብረን አንበላም፤ በጾም ወራት ግን ከአንድ ሳህን ሽሮ እንበላለን፣ እሱም እየሳቀ «ይሄ ጾማችሁ ባይኖር ብቻዬን ልቀር ነበር» ይላል። እንግሊዝኛ ይችላል። ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቆምና ባለማይኩ አንድ ነገር ባለ ቁጥር እጁን አንስቶ ጸጥ ያሰኘናል፣ ከዚያ በረጋ ድምፅ ይነግረናል። ባለጭምብሉ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ነው። አባቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል። ፊቱን የሸፈነው ከበርቴዎቹ አውቀው ሥራ እንዳይከለክሉት ነው። ባለካባው ደግሞ የሀብታም አሽከር ነው። ባለማይኩ ይሄን ሲናገር ዓይኑ እንባ ያቀርራል፣ እኛም እናቀርራለን። ሊቀመንበሩ ሳይቀር ከፊት ወንበር ላይ ራሱን እየነቀነቀ፣ ይሄስ የጭቁኑ ወገን ነው ይል ነበር። የአሜሪካ ካሴት በቀበሌ አዳራሽ መታየቱን ዝም ያለው በዚህ ነው።

ጥር ላይ ነው፣ ጤፉ ተወቅቶ ገበያው የሞቀ ጊዜ፣ ሞጣ ያለው አጎቴ ወፍጮ ቤት ሥራ አለ ብሎ ላከብኝ። በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። ደብረ ወርቅን ስናልፍ አቧራው ቅንድባችንን አሸበተው። ግንደ ወይን ወርደን በሶ በጥብጠን ጠጣን። ሞጣ ስደርስ እናቴም ብታየኝ አትለየኝም ነበር። ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ተናደድኩ፣ ምን ይገርማል። አጎቴ ሊያባብለኝ ነው መሰለኝ፣ እዚህም ቪዲዮ አለ፣ ሂድና ተመልከት አለኝ።

ሄድኩ። ያው ባለማይክ! ያው ክራቫት፣ ያው ጭምብል፣ ያው ካባ። ዘመድ ያገኘሁ ያህል ደስ አለኝ። እዚያ የሚተረጉመው አንድ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነው። ሰውየው አፉን ሲከፍት የምሰማውን ማመን አቃተኝ። ባለጭምብሉ አጭበርባሪ ነው፣ ጭምብሉ ውስጥ ብረት ደብቆ ነው ሰው በቴስታ የሚጥለው፣ ባለካባው የተበደለ ምስኪን ነው ይላል። አዳራሹም በባለጭምብሉ ላይ ያፏጫል።

ብድግ አልኩ። «ውሸት ነው» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ። አንዱ ከኋላ፣ «አንተ ደግሞ ምኑ ነህ?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ። የደሃ ልጅ ነው።»

«ፊቱን አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«ይኸው እንግዲህ» አለ ለሰዉ፣ «የቢቸና ሰው ባላየው ፊት ይምላል።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም መሳደብ ጀመርኩ፣ ሁለት ጎረምሶች ብብቴን ይዘው በር ላይ አስቀመጡኝ።

በማግስቱ ስመለስ፣ ጆንያው ላይ ተጋድሜ ሳስበው ንዴቴ አቅጣጫውን ሳተ። አንድ ካሴት ሁለት ነገር እንዴት ይናገራል? አስተማሪው ለምን ይዋሻል? ምን ይጠቀማል? ጋሽ ጀማል ግን ይጠቀማል። ሊቀመንበሩ ፊት ቁጭ ብሏል፣ ካሴቱ እንዳይታገድ ባለጭምብሉን ጭቁን ማድረግ አለበት። ጭንቅላቱ የሚሠራ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። አደነቅኩት እንጂ አልተቀየምኩትም። ቢቸና እንደገባሁ ጠላ ቤት ቁጭ ብዬ ለጓደኞቼ ሞጣ ያየሁትን አወራሁ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወሬው ሊቀመንበሩ ጆሮ ለመድረስ አልዘገየም።

ቀበሌ አስጠሩን። ጋሽ ጀማል ቆሟል። በሩ ላይ አብዮት ጥበቃው ጠመንጃውን ይዟል። በዚያ በር ገብቶ ወደ ደብረ ማርቆስ የተላከ ሰው እናውቅ ነበር፣ እናቱ እስከዚያን ጊዜ ድረስ ስንቅ ትቋጥራለች። ሊቀመንበሩ ጓድ ጀማል የኢምፔሪያሊስቱን ንግግር እንዳሻው እየፈጠረ ሕዝብ ያሳስታል የሚል ጥቆማ እንደደረሰው ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሞጣ ያየኸው ያው ነው ወይስ ሌላ? እውነቱን ተናገር።»

ጋሽ ጀማልን አየሁት። የላይኛው ከንፈሩ ላይ ላብ አለ። ዓይኑ አይለምነኝም፤ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነው።

«ሌላ ካሴት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ። «ሰዎቹ ናቸው የሚመሳሰሉት። እኔ በጠላ ነው የቀባጠርኩት።»

ሊቀመንበሩ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ወሬ ከአፌ ከወጣ ወፍጮው ውስጥ እንደሚከተኝ ነገረኝና አሰናበተን።

ፀሐይ ላይ ስንወጣ ጋሽ ጀማልን በክርኔ ነካ አደረግኩት። «አየህ ጋሼ፣ እንዴት አድርጌ እንደዋሸሁልህ? ያው ካሴት እኮ ነው።»

ቆመ። «እኔ ሰውየው ያለውን ነው የተናገርኩት።»

«እሺ፣ በቃ፣ ወጥተናል እኮ።»

«ምኑ ነው በቃ? አንተም ፈጠርከው ነው የምትለኝ?»

«ብትፈጥረውስ ምን አለበት? ደስ ይል ነበር» አልኩት።

«እዚያ ውስጥ ሊቀመንበሩ ጠየቀኝ እንጂ ውሸታም አላለኝም» አለ። «ያልከኝ አንተ ነህ።» ወደ ጤና ጣቢያው መንገድ ገብቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ተርጉሞ አያውቅም። ብንለምነው ሥራ አለብኝ ይላል። ባለማይኩ ብቻውን ሲለፈልፍ እናያለን፣ እንደ ዶሮ መንቁር አፉ ይከፈታል ይዘጋል። አዳራሹም እየሳሳ ሄደ። ክረምት ላይ የወፍጮው ቀበቶ እጄን ሲቆርጠኝ ያሰረልኝ ጋሽ ጀማል ነው። ቀስ አድርጎ፣ ሳያሳምም አሰረው። «ነገ ተመልሰህ ና» ብቻ አለኝ። ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ። እኔም ለዓመታት በንዴት አማሁት። ከእስር ያዳንኩት ሰው ምስጋና ቢስ ነው እያልኩ።

እና ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ስልኩን ሲነካካ፣ «ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ሁለት ናቸው» አለኝ። ሁለት ምን? ሁለት ፕሮግራም። ያው ሰዎች፣ ያው ክራቫት፣ በመካከሉ ግን ወራት አልፈዋል። በመጀመሪያው ባለማይኩ ስለ ማዕድን ቆፋሪው ልጅ ያወራል። አባቱ ጉድጓድ ውስጥ ቀርቷል ይላል፣ አሠሪዎች እንዳያውቁት ነው የተሸፈነው ይላል። በሁለተኛው ራሱ ባለማይኩ ተመልካቹን ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይሄ ሰው አታሎኛል፣ ጭምብሉ ውስጥ ብረት አለ ይላል።

«ሰውየው ለምን ተገለበጠ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ትግሉም እኮ ቀድሞ የተጠና ነው። ማን እንደሚወድቅ ያውቃሉ።»

ስለ ትግሉ ማን ጠየቀህ ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ። እኔም ደነገጥኩ።

ለሊቀመንበሩ ሌላ ካሴት ነው ብዬ የተናገርኩት እውነት ነበር ማለት ነው። እኔ ግን ስናገረው ውሸት ነበር። እውነት እየተናገርኩ ዋሸሁ፣ ሰው እያዳንኩ ሰደብኩ። ይሄን እያገላበጥኩ ሳምንቱ አለፈ፣ አሁንም ተወሳስቦብኛል፣ አሁንም ያናድደኛል። ጋሽ ጀማል ያን ቀን ምን እንድል ነበር የፈለገው? ያ በር ላይ ጠመንጃ ነበር እኮ።

ጋሽ ጀማል፣ በሕይወት ካለህ፣ አላመንኩህም። ግን ሳላምንህ ቆሜልሃለሁ። ያመነህ ሰው ቢሆን ኖሮ መቆሙ ምን ይገርም ነበር?