ከካቡ ማዶ ያለው ድምፅ

በእኛ መንደር ድቦቹ ተመልሰው መጡ፤ ሰዎቹ ግን አልተመለሱም። እኔ ልጅ ሳለሁ በቪያሬዶ ጭስ የማይወጣበት ቤት አልነበረም፤ ድብ የሚባለውን ደግሞ የምናውቀው ሽማግሌዎች ሲያወሩ ብቻ ነበር። ዛሬ ጭስ የሚወጣው ከሁለት ቤት ነው፤ ከእኔና ከኦብዱሊያ። ድቡማ እንደ ልቡ ነው። ማለዳ መስኮት ስከፍት መንገዱ መሃል ቁጭ ብሎ ጆሮውን ሲያክክ አገኘዋለሁ፤ እኔን አይቶ እንኳ አይነሳም። እዚህ አስቱሪያስ ውስጥ ድብ መግደል ክልክል ነው፤ እሱም ይህን ሳይሰማ አልቀረም እላለሁ።

ኦብዱሊያ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ይህን ግን ሰው ፊት እንዳነሳው አትፈልግም። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም የሆነች ሴት ናት። ድብ ግቢ ገብቶ ቼሪ የሚባለውን ቀይ የዛፍ ፍሬ ሲበላ ሌላ ሰው በሩን ቆልፎ ይቀመጣል፤ እሷ ግን የድስት ክዳኖቿን ይዛ ትወጣና እያጋጨች ትሰድበዋለች። "አንተ ባለጌ፣ እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?" ስትለው ከቤቴ ሆኜ እሰማለሁ። ድቡም ቅርንጫፉን ገንጥሎ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ የሚሄደው ፈርቷት ይሁን ጠግቦ እስካሁን አላወቅሁም። ዶሮ ቤቱ ላይ ቆርቆሮ አንጠልጥላለች፤ አትክልቱ ዘንድ ራዲዮ ከፍታ ትተዋለች። ኳስ ሲተላለፍ ድቡ ድርሽ አይልም፣ ሙዚቃ ሲሆን ግን ይመጣል ትላለች።

ንቦቿ ግን ሌላ ነገር ናቸው። ለእነሱ ቆርቆሮም ራዲዮም አይበቃም። ቀፎዎቹ ያሉት ከቤቷ በላይ ዳገቱ ላይ፣ በካብ ውስጥ ነው። አያቶቻችን ንባቸውን ከድብ ያስጣሉት እንዲህ ነበር፤ ከሰው ቁመት በላይ የሆነ ክብ የድንጋይ ካብ ይክቡና አናቱ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወደ ውጭ አስወጥተው ይደረድራሉ። ድቡ ካቡን ቢወጣ እንኳ እዚያ ሲደርስ መዳፉ የሚይዘው ያጣል። ካቡ ሁለት ፊት ስላለው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ከውስጥ አንዱ ከውጭ ሆነው እኩል ይክባሉ። መጀመሪያ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ካቡ ደረት ላይ ሲደርስ የሚታየው ጭንቅላት ብቻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ድምፅ ብቻ ነው የሚቀረው።

የኦብዱሊያ ባል ሴልሶ አፉ የተቆለፈ ሰው ነበር። ሠርግ ላይ እንኳ ከ"እሺ" ሌላ ቃል አይወጣውም። ያን ካብ የካቡት ገና ሳይጋቡ ነው፤ ድብ ባይኖርም አባቷ የአያቶቹን ልማድ አልተወም፤ ወገቡን ስለታመመ ሴልሶን ለሥራ ጠራው፣ ከውስጥ የምትክበው እሷ ሆነች። ካቡ ከራሳቸው በላይ ባለፈ ቀን ሴልሶ ከማዶ ሆኖ ተናገረ። ምን እንዳላት ነግራኝ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም። ያኔ እኔም ለእሷ የምለው ነበረኝ፤ የምክበው ካብ ግን አልነበረኝም። ብቻ ሥራው ሲያልቅ እጮኛሞች ሆነው ወረዱ። ከተጋቡም በኋላ ክረምት የናደውን በየዓመቱ ሲጠግኑ፣ ሴልሶ የዓመቱን ወሬ ሁሉ እዚያ ይጨርሰዋል ትል ነበር።

ሴልሶ ከሞተ በኋላ ካቡን የሚጠግን ጠፋ። ባለፈው ክረምት በረዶው ከብዶ አንዱን ጎን ናደው። ግንቦት ላይ ድቡ በዚያ ገብቶ አንድ ቀፎ ተሸክሞ ወጣና ሜዳው ላይ ቁጭ ብሎ እጩንም ሰፈፉንም በላው። ኦብዱሊያ ክዳኖቿን ይዛ ብትደርስም ዞር ብሎ አላያትም።

ኒካኖር የሚባል አንድ ልጅ አላት። ባሕሩ ዳር፣ ሂኾን ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ይነዳል። የሚደውለው እሁድ እሁድ ነው። "ደህና ነሽ? ምን ጎደለሽ? በይ ቻው" ይላትና ስልኩ ይዘጋል፤ እሷ ገና ወንበሯን ስባ ሳትቀመጥ። በአባቱ ቀብር ማግስት እንኳ ያው ነበር፤ ስለ አባቱ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሄደ። "ልጁ አባቱን ወጣ" እያለች ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነው። የምትፈልገውን አውቃለሁ። ልጇ ሲናገር መስማት ነው የምትፈልገው። የሴልሶን አንደበት የፈታው ካብ የልጁንም ይፈታል ብላ አምናለች። ስለዚህ ድቡ ቀፎዋን በበላ ቀን ደወለችና ና ካቡን አብረን እንሥራ አለችው።

ቅዳሜ መጣ። ኦብዱሊያ አልጋውን አንጥፋ፣ ነጭ ቦሎቄ በቋሊማ ከጠዋት ጀምራ ጥዳ፣ ድንጋዩንም ትልቅና ትንሹን ለይታ ነበር የጠበቀችው። ኒካኖር ግን ከመኪናው ኋላ ሽቦ፣ ባትሪና አንዲት ትንሽ ሳጥን አወረደ። የኤሌክትሪክ አጥር ነው። ምሳ ሳይደርስ በካቡ ዙሪያ ወጠረው፣ ማብሪያውን ጫን አደረገ፣ ሳጥኑ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። "አየሽ እማዬ፣ ድንጋይ መሸከም ቀረልሽ" አላት ደስ ብሎት። ቦሎቄውን በልቶ፣ ጉንጯን ስሞ፣ ማታ ተረኛ ነኝ ብሎ ሄደ። አልጋው እንደተነጠፈ ቀረ።

አጥሩ ሠራ። ብዙም ሳይቆይ ድቡ መጣ፣ አፍንጫውን ሽቦው ላይ አስጠጋ፣ ወዲያው እንደ ጥጃ እየጮኸ ቁልቁል ተንከባለለ። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። ኦብዱሊያ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ላሜን እየነዳሁ በካቡ አጠገብ ሳልፍ ቀይዋ መብራት ጠፍታለች። ባትሪው አልቆ ነው ብዬ ሄጄ በሯን አንኳኳሁ።

"አላለቀም" አለችኝ ድንች መላጧን ሳታቆም።

"ታዲያ?"

"አጥፍቼው ነው።"

"አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ? ድቡ ይገባል እኮ።"

"ይግባ። ድቡ ከመጣ ልጄ ይመጣል።" የላጠችውን ድንች ውሃው ውስጥ ጣለችው። "ሽቦው አላስጣለም ካልኩት በድንጋይ ይሻላል ይላል። እሱን ነው የምጠብቀው።"

እኔ አለሁልሽ አይደል፣ ከውጭ ሆኜ ልክብልሽ አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ።

"አንተን በየቀኑ እሰማህ የለ እንዴ፣ ሴቬሮ?"

በዚህ መቀየም ነበረብኝ። አልተቀየምኩም፤ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ ላሜን ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት።

ድቡ ግን አልመጣም። አፍንጫው አንዴ የቀመሰውን አልረሳም። ቼሪዋን በላ፣ የእኔን ዶሮ ቤት በር ገነጠለ፣ የተዘጋውን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይቀር ሲያሸት ታየ፤ በካቡ በኩል ሲያልፍ ግን ርቆ ነው። ኦብዱሊያ ሽቦው ላይ ማር እስከ መቀባት ደረሰች። በዕድሜዬ ድብ ሲለመን ያየሁት ያኔ ነው። አመሻሽ አመሻሹን ደጃፏ ላይ ትቀመጥና ሁለቱንም መንገድ ታያለች፤ ወደ ከተማ የሚወስደውን ቁልቁለትና ወደ ጫካ የሚወስደውን ዳገት። በአንዱም የሚመጣላት የለም። እኔ ደግሞ ከእኔ ደጃፍ እሷን አያለሁ።

በጋው ሊያልቅ ሲል አንድ ማለዳ ከዳገቱ ጩኸት ሰማሁ። ሮጬ፣ በእኔ ጉልበት ሩጫ ከተባለ፣ ስደርስ ኦብዱሊያ በተናደው ካብ ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ድቡ በመጨረሻ ሌሊት ገብቶ የሰባበረው ቀፎ የሴልሶ ነው። ወጣት ሳለ ዛፍ ላይ የሰፈረ ንብ በኮቱ ጠቅልሎ አውርዶ ነበር፤ የዚያ ንብ ዘር ነው እስከ ዛሬ በዚያ ቀፎ የኖረው። የተረፉት ንቦች እጇ ላይና ፀጉሯ ላይ ይርመሰመሳሉ። አላባረረቻቸውም።

"በገዛ እጄ ሴልሶን ሁለተኛ ቀበርኩት" አለች።

ያን ቀን የሰደበችው ድቡን ሳይሆን ራሷን ነው። ልጄን በምን ዓይኔ አየዋለሁ ብላ ለኒካኖር እንዳልደውል አስማለችኝ። እኔም ማልሁላት፣ ቤቴ ገባሁ፣ ደወልኩለት።

በማግስቱ ደረሰ። ሰላም ብሎን በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄደና ተንበረከከ። ባትሪው ሙሉ ነው። ሽቦው ድቡ ከረገጠው ቦታ በቀር ምንም አልሆነም። እየተከተለ ሲዳስሰው ጣቱ ተጣበቀ፤ አሸተተው፣ ማር ነው። ከዚያ ማብሪያው መጥፋቱን አየ። ቀና ብሎ መጀመሪያ እናቱን ተመለከተ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ ሴቬሮ፣ ይሄን ማነው ያጠፋው?"

"እኔ ምን አውቄ" አልኩት ጫማዬን እያየሁ።

ዝም አለ። የአባቱ ዝምታ ነው፤ ሴልሶ ተነስቶ የመጣ መሰለኝ። ትንሽ ቆይቶ ጃኬቱን አወለቀና ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለው፣ ሽቦውንም መጠቅለል ጀመረ። እንደጨረሰ ትልልቆቹን ድንጋዮች የት ነው ያደረግሽው ብሎ እናቱን ጠየቃት።

እሷ ከውስጥ፣ እሱ ከውጭ ሆነው ጀመሩ። ኒካኖር ወደ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ፈቃድ ጠየቀ። ጠፍጣፋዎቹን ድንጋዮች ላሜ በምትስበው ጋሪ ማመላለስ የእኔ ድርሻ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ከ"ያዝ" እና ከ"ቀስ" ሌላ ነገር አልተሰማም። በማግስቱም ያው ነው። ማታ ቦሎቄውን አንገታቸውን ደፍተው በሉ፤ የኦብዱሊያ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ካቡም ያልፈታው ሰው አለ ማለት ነው ብዬ እኔም ተስፋ ቆረጥኩ።

በሚቀጥለው ቀን ካቡ ከራሳቸው በላይ አለፈ። እኔ ጋሪዬን አቁሜ ጥላው ውስጥ አረፍ ብዬ ነበር፤ ላሚቱ ስታመነዥክ ይሰማል እንጂ ሁሉም ጸጥ ብሏል።

"እማዬ" አለ ኒካኖር፣ ፊቱን ወደ ድንጋዩ እንዳደረገ።

"ወዬ።"

"ስልኩን ቶሎ የምዘጋብሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም።"

ከውስጥ ድንጋይ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ።

"ድምፅሽን ስሰማ አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው ወደዚህ ይዤ መምጣት ያምረኛል። አባዬ ከሞተ ጀምሮ እንደዚህ ነው። ትንሽ ካወራሽኝ የማልቅስ ይመስለኛል። ለዚያ ነው የምዘጋው። ከዚያ ስልኩን እንደያዝኩ እቀመጣለሁ።"

ከውስጥ ሥራው ቆመ። እኔ ካለሁበት ኦብዱሊያ አትታይም፤ ቢሆንም እጇን ድንጋዩ ላይ ጭና እንደቆመች በዓይኔ ያየሁ ያህል አውቀዋለሁ። ስትናገር ያ መንደር ሙሉ የሚሰማው ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር።

"ድንጋይ አቀብለኝ።"

"ልኩ ደርሷል እኮ እማዬ። ጠፍጣፋው ብቻ ነው የቀረው።"

"አልደረሰም። አቀብለኝና ወሬህን ቀጥል።"

አንድ ድንጋይ አንስቶ በካቡ አናት ላይ አሳለፈላትና ቀጠለ። እኔም ማንም ሳያዘኝ ጋሪዬን አዙሬ ሌላ ድንጋይ ልጭን ወረድኩ። ያ ካብ ዛሬም እዚያው አለ፤ ድብ ለመከላከል ከሚያስፈልገው በላይ አንድ ክንድ ይረዝማል።