ከመርዶ የቀደመ ፎቶ

ከሾላ እስከ ካራ ባለው መንገድ ላይ፣ ቆርቆሮው ዝጎ ከመውደቁ በፊት፣ ዓይን የሚይዝ የሱቅ ማስታወቂያ ሁሉ የእኔ እጅ ነበር። ማጋነን አይደለም። ለሥጋ ቤቱ በሬ የሣልኩለት እኔ ነኝ፤ ለፀጉር ቤቱ መቀስና ማበጠሪያ የሣልኩለትም እኔ ነኝ። ብሩሽ አያያዝ ያሳየኝ ሰው የለም። ኮምፒውተር መጥቶ ብሩሹን ሲያስጥለን እኩዮቼ ቤታቸው ገብተው ፀሐይ መሞቅ ጀመሩ። እኔ ግን ኢንተርኔት ቤት ገብቼ፣ ከልጆቼ በሚያንሱ ጎረምሶች መሀል ተቀምጬ፣ የፎቶ ሥራውን ብቻዬን ተማርኩት።

ዛሬ የካ ውስጥ ባለ አንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ግራፊክ ዲዛይን አስተምራለሁ። ዲግሪ የለኝም። ዲግሪ ያላቸው መምህራን ግን ሥራ ሲከብዳቸው የሚመጡት ወደ እኔ ነው።

ከዲዛይኑ ጋር ተማሪን ለሥራ ማዘጋጀት የሚባል ትምህርትም ሰጡኝ። መጽሐፉ ስለ ማመልከቻ አጻጻፍና ስለ ቃለ መጠይቅ ያወራል። እኔ መጽሐፉን ዘግቼ ጀመርኩ።

«የመጀመሪያ ሥራችሁ የሠርግ ካርድ እንዳይመስላችሁ» አልኳቸው። «ለቅሶ ነው።»

እውነቴን ነው። በእኛ ሰፈር ማተሚያ ቤት የገባ ጀማሪ መጀመሪያ የሚሰጠው የሟች ፎቶ ነው። ከመታወቂያ ላይ የተነሳች ጉርድ ፎቶ ትመጣለች። እሷን አጽድቶ፣ አሳድጎ፣ ሙሉ ልብስ አልብሶ፣ ድንኳን ውስጥ የሚሰቀል ባነር ማድረግ ነው።

«ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ዕድሜ ልኩን ክራባት አስሮ አያውቅም» አለኝ አንዱ ቀልደኛ።

«አንተም ዕድሜ ልክህን ደብተር ይዘህ አታውቅም፤ ግን ተማሪ ትባላለህ።»

ክፍሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሕጉን ነገርኳቸው። ደንበኛ ፊት አይለቀስም። የሟቹ ፊት ደግሞ ይጸዳል፤ ብጉርም ሆነ ማድያት ወይም ጠባሳ አይቀርበትም። ቤተሰብ ማየት የሚፈልገው ያማረ ሰው ነው።

ከተማሪዎቼ ሁሉ እጇን የምወድላት አንዲት ልጅ ነበረች። ከእንጦጦ ማርያም ማዶ ካሉት ቤቶች ነው የምትመጣው፤ በክረምት ጠዋት ጫማዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፎ ትገባለች። አባቷ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ግንባታ ባለበት ሁሉ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለወላጆች ስብሰባ መጥቶ ነበር። ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለ ጠባሳ ያለው ዝምተኛ ሰው ነው። ሰው ሲበተን መጥቶ በሁለት እጁ እጄን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ሥራ ያስይዙልኝ። እኔ ከሲሚንቶ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

«በእኔ ይሁንብህ» አልኩት። በእኔ ይሁን ብዬ የቀረ ነገር አልነበረም።

ሥራ ቦታ ላይ ለሚደረገው የትብብር ሥልጠና እሷንና አንድ የክፍል ጓደኛዋን ሾላ ገበያ አጠገብ ያለች ማተሚያ ቤት አስገባኋቸው። ባለቤቷ የመጀመሪያ ማስታወቂያዋን የጻፍኩላት ሴት ናት። ሥልጠናው ሲያልቅ ከሁለቱ አንዱን እቀጥራለሁ አለች። ልጁ አንድ የለቅሶ ፎቶ ብቻውን ሠርቶ አሳይቷታል። «እሷም የሚቀጥለውን ለቅሶ ብቻዋን ትሥራና ልያት» አለችኝ።

የሚቀጥለው ለቅሶ የመጣው እኔ ልጠይቃቸው በሄድኩበት ከሰዓት ነው። ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው ሱሪው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል፤ ሌላው የእድር ሰው መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል። ሽማግሌ አይተው ወደ እኔ ቀረቡ።

«አባቴ፣ ለነገ ንጋት የሚደርስ ባነር ነበር» አለ የእድሩ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቤተሰቡ አልሰማም፤ መርዶው ሊነጋጋ ሲል ነው። ለሚስቱ አዳር ሥራ ይዟል ብለናታል። እዚያው እንጦጦ ብናሠራ ወሬው ይቀድመናል ብለን ነው እስከዚህ የወረድነው።»

«ምን አግኝቶት?»

«ካራ፣ ከፎቅ ወደቀ» አለ ባለ ሲሚንቶው። «ዛሬ ጠዋት። አብረን ነበርን።»

የሟቹን ጉርድ ፎቶ ከፍቶ ስልኩን ሰጠኝ። ቅንድቡን አየሁት።

በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የሚደግፍ ክንድ ይዘጋጃል፤ ከዚያ ነው የሚነገረው። እዚህ ግን ልጅቷ ከኋላዬ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ተቀምጣለች። ወሬ እንዳይቀድማቸው ከተራራ የወረዱት ሰዎች መርዶውን በገዛ እጃቸው ለእሷ አምጥተውላታል።

«ለቅሶ ነው እንዴ?» አለች ባለቤቷ ከውስጥ ብቅ ብላ። «ተነሺ ልጄ፣ ፈተናሽ መጣልሽ!»

ልጅቷ ማዳመጫዋን አውልቃ ተነሳች። የእድሩ ሰው አወቃት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ጓደኛውን በክንዱ ጎትቶ ጀርባውን እንደሰጠ ወጣ። እኔ ስልኩን ኮቴ ውስጥ ከተትኩት።

«ይሄን እኔ እሠራዋለሁ» አልኩ።

«ጋሼ፣ የኔ ተራ ነው እኮ!»

«ሂጂ ከዚህ ስልሽ።»

«ምን አጠፋሁ?»

ባለቤቷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ። «ጎበዝ ናት ያሉኝ እርስዎ አይደሉ እንዴ?»

ለባለቤቷ ሹክ ብላት ይቀል ነበር። ግን እንባዋ ቅርብ ነው፤ ልጅቷን አቅፋ እዬዬ ትል ነበር።

«ገና ናት» አልኩ። «እጇ አልጠናም። በሰው ሬሳ አትለማመድም።»

ልጅቷ ዓይኗ ሞላ፤ ግን አላለቀሰችም። ደንበኛ ፊት አይለቀስም ብዬ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቦርሳዋን አንስታ በሩ ላይ ቆመች።

«አባቴ ማታ ማታ ውጤቴን ይጠይቃል። ሲገባ ምን ልበለው?»

ስትወጣ ጠብቄ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጥኩ።

በሕይወቴ ከሠራሁት ፎቶ ሁሉ የዚያን ቀኑ ይበልጣል። ግራጫ ሙሉ ልብስ አለበስኩት፤ ትከሻው ላይ በትክክል ተቀመጠ። ከፊቱ የፀሐዩን ቃጠሎ አነሳሁለት። ቅንድቡን ፀጉር በፀጉር እየሞላሁ ገጠምኩት።

ሰዎቹ ማታውኑ ተመልሰው ስልካቸውንና ባነሩን ወሰዱ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ድንኳኑ ተተክሏል፤ ባነሩ ተሰቅሏል። «ምን ያለ መልከ መልካም ነበር!» ሲሉ ሰማሁ፤ ደስ አለኝ። ለቅሶ ቤትም ቢሆን ሥራ ሥራ ነው። ልጅቷ ድምፅዋ ተዘግቶ በሴቶች ተደግፋ ተቀምጣለች። ባነሩን አየች፤ እኔን አየች። የእኔን ሥራ ለይታ ታውቃለች። ስቀርባት ጮክ ማለት አቅቷት በሹክሹክታ ተናገረች።

«ለዚህ ነበር?»

«ለዚህ ነው ልጄ።»

«ቅንድቡን ደፈኑት።»

«ሙያው ነው…»

«እኔን ከዛፍ ሲያወርድ ቅርንጫፍ መቶት ነው» አለችና ፊቷን አዞረች።

በሳምንቱ ማተሚያ ቤት ሄጄ ለባለቤቷ እውነቱን ነገርኳት። ደረቷን መታች፤ አለቀሰች። ልጁ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሥራ ጀምሯል።

«ምን ላድርግ ጋሼ፣ ላስነሳው? እሱም እኮ የደሃ ልጅ ነው። ደግሞ ገና ናት ያሉኝ እርስዎ ነዎት።»

ለአርባው የሚታደል ካርድ ስላለ ልጅቷ ራሷ ኮሌጅ መጣች። ጥቁር ለብሳለች። «ፋይሉን ይስጡኝ» ብላ ተቀመጠች። ጠባሳውን ከጉርዱ ፎቶ ላይ እንዳለ ገልብጣ አልለጠፈችም፤ ያ ሲያድግ ይደበዝዛል። ጥላውን በእጇ ሠራችው፤ ፀጉሩን ግራና ቀኝ ከፈለችው። ከኋላዋ ቆሜ የማርምበት ቦታ ፈለግሁ። አጣሁ። ሰውዬው እጄን እንደያዘ ያየኝ መሰለኝ።

«አሁንም ገና ነኝ ጋሼ?»

«አይደለሽም።»

ፍላሹን ነቅላ ወጣች። የሙያ ምስክር ወረቀት በሚያሰጠው የብቃት ምዘና ቀን አልመጣችም። እናቷ ከታናናሾቿ ጋር ቀርታለች፤ የቤቱ ራስ አሁን እሷ ናት።

አንዳንድ መምህራን ለባለቤቷ ቀስ ብለው ቢነግሯት ኖሮ ይሉኛል። ይበሉ። ዛሬም ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ። ልጅ የአባቷን ሞት ኮምፒውተር ላይ አታየውም።

አሁን ሾላ፣ እህል መሸጫ ውስጥ ጤፍ ትሰፍራለች። በየጆንያው ላይ የምትሰካውን ካርቶን ራሷ ነው የምትጽፈው። ፊደሎቹ እግራቸው ቀጥ ያለ ነው፤ መሀላቸው ያለው ክፍተት እኩል ነው፤ ልክ እንዳስተማርኳት። በዚያ ገበያ እንዲህ ያለ ፊደል የትም የለም። ጤፍ ስትሰፍር ቆሜ አነባቸዋለሁ። ቀና ስትል ወደ ታክሲው ሰልፍ እሄዳለሁ።