በሁዳዴ ፎቶ የተነሱ እንቁላሎች

በዚያ ቀን ከቤት የነበርነው እኔ፣ ሴት ልጄ፣ የባሌ ታላቅ እህትና የነፍስ አባታችን ነን። ባሌ በግ ይዞ ሞላሌ ገበያ ሄዶ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም፤ ነበርሁ የሚል ካለ ዋሽቷል።

ልጄ ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ፣ ባለቀለሙ ፎቶ መጥቶ ጥቁርና ነጩን የሚፈልግ ሲጠፋ ወደ እኛ ተመለሰች። አሮጌ ካሜራ፣ የፎቶ ወረቀትና በጠርሙስ የተሞላ የፎቶ ማጠቢያ መድኃኒት ይዛ ነው የመጣችው። "አሠሪዬ ሰጠኝ" አለች። ለሴት ልጅ ካሜራ በነፃ የሚሰጥ ወንድ ምን ዓይነት ነው አልሁ በልቤ። አላመንኋትም።

ሰው ታነሳለች ስል ዕቃ ማንሳት ጀመረች፤ ማሰሮ፣ ቅል፣ የፈተልሁትን የበግ ጠጉር። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እንቁላል ላይ ወደቀች። ዶሮ ጾም አታውቅም፤ የጣለችውን ለፋሲካ ብዬ ገብስ ውስጥ እቀብራለሁ። አንድ ጠዋት ገብሱን ተቆፍሮ አገኘሁት። እንቁላሎቹ በአባቷ ጥቁር በርኖስ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷ በመስኮቱ በኩል ካሜራዋን ደቅናባቸዋለች።

"ሰው ጠፍቶ ነው?" አልኋት።

"እማዬ፣ እንቁላል ደግ ነው። አይነቃነቅም፣ አምሬ ወጣሁ ወይ ብሎም አይጨቀጭቀኝም።"

ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። በሁዳዴ ከእንቁላል ጋር የሚጫወት ሰው አይቼ አላውቅም።

አነሳሁ ስትል ጓዳ ትገባለች። መስኮቱን በባና ትጋርዳለች፣ ባትሪዋን በቀይ ጨርቅ ትጠቀልላለች፣ በሩን ትዘጋለች። ከውስጥ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ውሃ ይንቦጫረቃል። ጆሮዬን በሩ ላይ ብለጥፍም የምትበላ ትሁን የምታጥብ አልለይ አለኝ። ይህን የባሌ እህት ሰሙ፤ ከማን እንደሰሙ እስከዛሬ አልነገሩኝም። በዚያ ቀን "ልጅሽ ጾም ገድፋለች" ብለው የነፍስ አባታችንን ይዘው ከተፍ አሉ። ወሬው እውነት ነው ከተባለ ልጄን ደፍሮ የሚያገባት አይገኝም።

አባ የጓዳውን በር አንኳኩ። "ልጄ፣ ክፈቺ።"

"አባቴ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። ብርሃን ከገባ ይበላሽብኛል።"

የባሌ እህት አማተቡ። "ብርሃን የሚያበላሸው ምን ዓይነት ሥራ ነው? ሰሙልኝ አባ? ከገዛ አፏ!"

እሳቸው ራሳቸው በሩን በረገዱት። ልጄ ጮኸች። ሳህን ውስጥ የተነከረው ወረቀት ዓይናችን እያየ ጠቆረ። አባ በጣታቸው ጫፍ አነሱት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"እንቁላል ነበር፣ አባቴ።"

እንቁላሎቹን ከነበርኖሱ አምጥታ ፊታቸው ዘረጋች። የተሰበረም የጎደለም የለም።

"ከጎረቤት ተክታ ይሆናላ" አሉ የባሌ እህት።

አባ ወደ እኔ ዞሩ። "እናቷ አንቺ ነሽ። ትመሰክሪላታለሽ?"

"እንቁላሉን አይቻለሁ" አልሁ። "ጓዳ ያደረገችውን ግን አላየሁም።"

ያላየሁትን አልመሰክርም፤ ያደግሁት እንዲህ ነው። አባ ስግደት አዘዙላት። ስግደቱን ፈጸመች፤ እኔን ግን ከዚያ ወዲህ ቀና ብላ አላየችኝም። ፋሲካ እንዳለፈ ካሜራዋን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች።

ያልተበላሸች አንዲት ፎቶ አልጋዋ ላይ ትታለች። እንቁላሎቹ ከጥቁሩ ጠጉር ላይ ብርሃን ጠጥተው ተቀምጠዋል፤ የቅርፊታቸው ነቁጥ ሳይቀር ይታያል። በመስኮት በኩልም በኩራዝም አገላብጬ አየኋት። የተደበቀ ነገር አላገኘሁባትም።

አዲስ አበባ ፎቶ ቤት የምትገቡ ሰዎች፣ ዘለግ ያለች፣ ጣቶቿ በመድኃኒት የጠቆሩ የመንዝ ልጅ ካያችሁ ደህና መሆኗን ንገሩኝ። ሞላሌ ገበያ የሚመጣ ሰው ያደርስልኛል።