ዳንቴል የለበሰው ፕሪንተር

አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ካለነው ሐበሾች መካከል «ኮምፒውተር ታውቃለች» የምባለው እኔ ነኝ። ዕውቀት ኖሮኝ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የጎረቤቴን ዋይፋይ ሪሴት ባደረግሁ ዳፋ የመጣብኝ ነው። ከዌርሃውስ፣ ከመጋዘን ሥራዬ ወጥቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ይጮኻል።

ባለፈው ፋሲካ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር የሚኖሩት ጋሼ ፕሪንተራቸው ተበላሸ ሲባል ሰምተን፣ አዋጥተን አዲስ ገዛንላቸው። ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንዳላቸው የጠየቀ የለም። ስጦታ ተጠይቆ አይገዛም እኮ! እሳቸውም መርቀው ተቀበሉን።

ጋሼ ፕሪንተር የሚፈልጉት ለአንድ ነገር ነው። የባለቤታቸው የእትዬ ዓይን እየደከመ ነበር፤ እትዬ ደግሞ ዳዊት ሳይደግሙ ውሃ አይቀምሱም። ስለዚህ ጋሼ የየዕለቱን መዝሙር በአሮጌ ኮምፒውተራቸው ጽፈው፣ ፊደሉን አውራ ጣት አሳክለው ያትሙላቸዋል። የሚጽፉበት የድሮ የአማርኛ ፕሮግራም ደግሞ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አይከፈትም።

ኅዳር ላይ ለሌላ ጉዳይ ቤታቸው ሄድኩ። አዲሱ ፕሪንተር ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ፣ የአበባ ማስቀመጫ ተሸክሞ ተቀምጧል። ገመዱ ከላስቲኩ እንኳ አልወጣም። ጋሼ ለእትዬ የሚጽፉላቸው በወፍራም ማርከር ነው፣ በእርጅና እጃቸው፤ ፊደሉ ተጣሞ ለእኔም ዓይን አይለይም። ለምን እንዳልነገሩን ስጠይቃቸው ወደ መስኮቱ አዩ።

«ገመዱ ከኮምፒውተሬ እንደማይገጥም ገና በላስቲኩ እያለ አየሁት። ደክማችሁ ያመጣችሁትን አይሆንም ልበል እንዴ፣ ልጄ?»

ይሉኝታ! በግኜ ቀረሁ። ኮምፒውተሩን አዙሬ አየሁት። የአዲሱ ፕሪንተር ገመድ ዩኤስቢ ነው፤ የሳቸው ኮምፒውተር ያለው ደግሞ ያ ሰፊው፣ ባለ ብዙ ቀዳዳው፣ በብሎን የሚታሰረው የድሮ መሰኪያ ብቻ ነው። ሁለቱን ያገናኛል የተባለ ገመድ ገዝቼ ተመለስኩ። አንዱም ጫፍ አልገባም። ዎርዝንግተን የሚባል ሰፈር ላለ ኮምፒውተር ጠጋኝ ባሳየው፣ ይሄ የተሠራው አሮጌ ፕሪንተርን ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር ለማገናኘት ነው፣ ያንቺ ግልባጩ ነው አለኝ። እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ አዲሱን ትቼ አሮጌ ፍለጋ ገባሁ።

ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብድ ፕሪንተር አገኘሁ፤ መሰኪያው ያው ሰፊው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ወስጄ ሰካሁት። ሲያጉረመርም ቆይቶ አንድ ወረቀት አወጣ፣ ፊደሉ ጥቁር፣ ጥርት ያለ። የራሴ ልጅ የተመረቀ ያህል ደስ አለኝ። ጋሼ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ለእትዬ ሰጧቸው።

እትዬ መነጽራቸውን አደረጉ። ወረቀቱን አስጠጉት፣ አራቁት፣ ወደ መብራቱ ዞሩ። ከዚያ በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉኝ። ወዲያው ወረቀቱን ለባላቸው መልሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተው አንብብልኝ። ከመስከረም ወዲህ ፊደል አይታየኝም። ልፋትህን እያየሁ ምን ልበል፤ ወረቀትህን ይዤ የማውቀውን በቃሌ እል ነበር።»

ጋሼ በፋሲካ አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ፣ እኛም አንድ ቃል ብንጠይቅ ኖሮ፣ እትዬ ሰመሩን ሙሉ፣ ከፋሲካ እስከ መስከረም፣ በገዛ ዓይናቸው ያነቡ ነበር።

ጋሼ ወንበራቸውን ከእትዬ አጠገብ ሳቡና ማንበብ ጀመሩ።