ጉሬዛዎቹና የአዲሱ ቤት እንጨት

ከጉና የሚወርደው ወንዝ የእኔን መሬት ታክኮ ያልፋል። ሸለቆውን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊደል የቆጠርሁት ብቻዬን ነው፤ ድኩላ በየት በኩል ውሃ እንደሚወርድ፣ ቆቅ የት እንደምትጥል ያወቅሁትም ብቻዬን ነው። ዳገቱ ሁሉ የጎረቤት ባሕር ዛፍ ሲሆን ወንዝ ዳር ያሉትን ዋንዛዎች ያላስነካሁ እኔ ነኝ። ጉሬዛዎቹ የሚኖሩት እዚያ ነው። ጥቁር ገላቸው ላይ ነጭ ካባ ደርበው ቅጠል ሲበሉ ይውላሉ፤ የሰው ማሳ አይነኩም።

ባለቤቴ መስከረም መጀመሪያ ላይ ዐረፈች። አላለቀስሁም። ከቀብር መልስ ወንዝ ወርጄ ጉሬዛዎቹን ሳይ ዋልሁ። ውሃው ሞልቶ ይጮህ ነበር፤ ለእኔ ግን ከሩቅ እንደሚመጣ ድምፅ ነበር።

ተዝካሩ ሲቃረብ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከገሳይ መጣ። ለጠላውም ለወጡም ማገዶ ስለሚያስፈልግ ዋንዛዎቹ ይቆረጡ አለ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥሮት ኖሮ በማግስቱ መጥረቢያውን ይዞ ከዛፎቹ ሥር አገኘሁት።

“አያ፣ ለጦጣ ብለው እህቴን በባዶ ሊሸኟት ነው?” አለኝ።

“ጦጣ አይደለም፣ ጉሬዛ ነው።” ከአፌ የወጣው ይኸው ብቻ ሆነ።

“እሷም ትለን ነበር። ጉሬዛውን የሚያውቀውን ያህል እኔን ቢያውቀኝ ትል ነበር።”

ከቤቴ ጀርባ የተከመረ ደረቅ የባሕር ዛፍ እንጨት ነበረኝ፤ ለባለቤቴ ቃል የገባሁላት የቆርቆሮ ቤት ቋሚና ማገር። ንድፉን ያወጣሁት፣ ዛፉን የተከልሁት፣ ቆርጬም የላጥሁት ራሴ ነኝ። አንድ ጎባጣ አልነበረበትም። ከደብረ ታቦር የመጣ አናጢ አይቶ፣ ማን አስተማረዎት ብሎኛል።

“ያንን ውሰድ” አልሁት።

“የቤቷን?”

“የቤቷን።”

ትንሽ አየኝና መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዳገቱን ወጣ።

ተዝካሩ አማረ። ሴቶቹ እንዲህ ያለ ማገዶ አይተን አናውቅም ብለው አመሰገኑኝ፤ እውነታቸውን ነው። ቋሚ ይሆን የነበረው ከድስት ሥር ሲነድ ቆሜ አየሁ። ያመኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላመመኝም።

ዛሬም የምኖረው በአሮጌው ሣር ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት ወንዝ እወርዳለሁ። ጉሬዛዎቹ ጭራቸውን ቁልቁል ለቀው ፀሐይ ይሞቃሉ። በቅርቡ አንዷ ወለደች። ግልገላቸው ሲወለድ ሙሉ ነጭ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። ይህን ለባለቤቴ ነግሬያት እንደሆነ ላስታውስ ሞከርሁ። አልመጣልኝም።