ከጥንቶቹ አላልፍ ያለው በርጫ

በአብዮቱ ዘመን አሰበ ተፈሪ ሳስተምር፣ በከተማው የፍልስፍናን ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ የሚተርክ መጽሐፍ ያለው የፊዚክስ መምህሩ ባልደረባዬ ብቻ ነበር። በግድ በምንገባበት የውይይት ክበብ ካድሬው ከጥንት ግሪኮች ተነስቶ በአንድ ዝላይ ሶሻሊዝም ላይ ጉብ ይላል። በመሀል ያሉት ሰዎች ምን ሲያስቡ ኖሩ? ይህን ሳላውቅ መሞት አልፈለግሁም።

መጽሐፉን እንዲያውሰኝ ብጠይቀው የበርጫ ነው አለኝ። ለካ ከሰዓት በኋላ ከሁለት መምህራን ጋር ጫት እየቃመ ነው የሚያነበው። እኔ ጫት አልወድም፤ ቢሆንም ሻዬን በቴርሞስ ይዤ ገባሁ። ሴት እዚህ ምን ትሠራለች የሚል ፊታቸውን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ጉዳቸውን ያየሁት ያኔ ነው። የጫቱ ምርቃና ሲመጣ፣ ሁሉም ነገር ከውሃ ነው ያለው ግሪካዊ ወለል ብሎ ይታያቸዋል። በምርቃና የተሠራ ፎቅ ግን ሲነጋ የለም። በማግስቱ የሚያስታውስ ስለማይገኝ "እስቲ ከመጀመሪያው" ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ከጥንቶቹ አላለፉም።

ተናደድኩ። ማንበቡን ራሴ ያዝኩት። እነሱ ወደ ኋላ ሲሉ እኔ ወደ ፊት ገለጥኩ። የመካከለኛውን ዘመን መነኮሳትና ሁሉን የተጠራጠረውን ፈረንሳዊ አልፌ፣ ጀርመኖቹንም ጨርሼ የእኛ ዘመን ምዕራፍ ብቻ ሲቀረኝ ባለመጽሐፉ ወደ መቻራ ከተማ ተዛወረ። መጽሐፉ ትንሽ ይቆይልኝ ብዬ ብለምነው ከዕቃው ጋር ታስሯል አለኝ።

ዕቃውን አስፈትቼ መጽሐፉን አወጣሁ። ቡና ሊጭን መቻራ በሚሄድ መኪና ጋቢና አብሬው ወጣሁ። ከተማው ኮበለለች ብሎ አወራ፤ ያውራ። መንገዱ አያስቀምጥም፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር መስመሩ ይጠፋብኛል። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። መቻራ ደርሰን እሱ ዕቃውን ሲያራግፍ፣ እኔ የቡና መጋዘን ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጨረስኩት። ከደስታዬ ብዛት እንባዬ መጣ።

ባልደረባዬ የመቻራን ጫት በብብቱ ሸጉጦ መጣ። "እሺ፣ የመጨረሻው ሰውዬ ምን አለ?" አለኝ።

መጽሐፉን አስጨበጥኩት።

"ራስህ አንብበው" አልኩት። "ግን ጠዋት።"