ጤፍ የማይበቅልበት ምዕራፍ

ዓርብ፣ ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ደብረ ብርሃን

አውቶቡሱ ጣሪያው ላይ ቆርቆሮ፣ ጨውና የስፖንጅ ፍራሽ ጭኗል። እኔ ጭኔ ላይ ሦስት ደብተር። ቀዩ ልብ ወለድ፣ ሰማያዊው ተውኔት፣ ጥቁሩ ግጥም ነው። አንዱም አላለቀም። ልብ ወለዱ ሲያስቸግረኝ ወደ ተውኔቱ እሸሻለሁ፤ ተውኔቱ ሲያኮርፈኝ ግጥሙ ይታረቀኛል። ታይፒስቷ አስቴር ግን ቁርጡን ነግራኛለች፦ «አንድ ሳምንት በነፃ እተይብልሃለሁ፤ ከዚያ አግብቼ ደሴ ነኝ። ሰኞ ያለቀ ነገር አምጣ። ያለቀ!»

ልብ ወለዱ የቀረው የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራቤል ነው፤ እኔ ደግሞ ራቤልን አይቼው አላውቅም።

3 ሰዓት፣ ጣርማ በርን አልፈን

ጉሙ መስኮቱን ዘግቶታል። አጠገቤ የተቀመጡት እማማ ስንዱ የራቤል ሰው ናቸው። አውቶቡሱ እየተንገጫገጨ እሳቸው የበግ ፀጉር ይፈትላሉ።

«ልጄ፣ ክስ ነው የምትጽፈው?»

«የለም እማማ፣ ልብ ወለድ ነው።»

«እስቲ አንብብልኝ።»

ረቂቁን አነበብኩላቸው። ጀግናዬ ግርማ ጤፉን ወቅቶ ሲያበቃ፣ ከፍቅረኛው ጋር ጭዱ ላይ ጋደም ይላል።

እንዝርቱ ቆመ። «የት አገር ነው ይሄ?»

«ራቤል።»

«ራቤል ላይ ጤፍ!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናወጠ። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ፣ «ወንድም፣ አገርህ የት ነው?» አለ።

«ዓለም ከተማ፣ መርሐቤቴ።»

«እኮ! የመርሐቤቴን ጤፍ ተሸክመህ ነዋ ደጋ የወጣኸው!»

እማማ ስንዱ አዘኑልኝ። «እኛ ዘንድ ጤፍ ብትዘራ የሚያጭደው ውርጭ ነው። ገብስ በለው፣ ልጄ።»

6 ሰዓት፣ ሞላሌ

ሽሮ እየበላን «ጤፍ»ን ሰርዤ «ገብስ» አልኩና በኩራት ደግሜ አነበብኩ።

«የገብስ ጭድ ላይ ተኙ?» አሉ እማማ። «ይወጋል እኮ! ሲያካክኩ ሊያድሩ ነው። ፍቅር ነው ቅጣት?»

እጄ እንደ ልማዱ ወደ ሰማያዊው ደብተር ሄደ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ስለ ሦስቱም ነገርኳቸው። ሰማያዊውንና ጥቁሩን ቀምተው ከፀጉሩ ጋር ከረጢታቸው ውስጥ ከተቱ።

«ሁለት እንዝርት ባንድ እጅ አይሾርም። ቀዩን ስትጨርስ ትወስዳለህ።»

«ባልጨርስስ፣ እማማ?»

«ምድጃ አለኝ።»

ቅዳሜ፣ ራቤል

መሐል ሜዳ አድረን፣ በአይሱዙ ጀርባ አቧራ እየጠጣን ገባን። ቀን በፀሐይ እንኳ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። እማማ ስንዱ ቤታቸው አስገብተው ባና ደረቡልኝ። ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ነው፤ ግን አንዱን ጎኔን ስሸፍን ሌላው ይቀራል።

«ፀጉሩን እጮኛ ሳለሁ ነው የፈተልኩት» አሉ። «ሸማኔው አጥብቦ ሠራው። ከባሌ ጋር ተኮራርፈን እንኳ ርቀን መተኛት አቃተን። ነፍሱን ይማርና፣ ስንቱን ጠብ ይሄ ባና አበረደልን።»

ጭዱን ጣልኩት። ግርማንና ፍቅረኛውን አኳርፌ አንድ ጠባብ ባና ደረብኩላቸው። ጫፉን ሲጓተቱ፣ ሲጓተቱ፣ ልብ ወለዱ አለቀ። ሳነብላቸው እማማ አልሳቁም። ተነሥተው ደብተሮቼን አመጡልኝ። ሁለቱም በግ በግ ይሸታሉ።

ሰኞ፣ 10 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን

«አለቀ!» ብዬ ቀዩን ደብተር አስቴር ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት። ገለጥ ገለጥ አደረገችውና ሳቋ ፈነዳ።

«ምዕራፍ ሁለት ላይ ግርማ ጤፍ ሲያርም ይውላል። ምዕራፍ አራት ላይ ያጭዳል። ራቤል!»

ለካ የደጋው የቀየት ልጅ ኖራለች፤ ጠይቄያት አላውቅም። እጄ ቀስ ብሎ ወደ ሰማያዊው ደብተር ሄደ።

«ተው! ቁጭ በል» አለች፣ ወረቀቱን የጽሕፈት መኪናው ላይ እያጠመደች። «አንተ እንደጻፍከው አንብብ። ጤፍ ባልክ ቁጥር እኔ ገብስ እመታለሁ።»